ከጎንደር አራዳ እስከ ቧሂት፦ የሰሜን ተራሮች የተፈጥሮ አለቶችና ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ

የጎንደር ከተማ በአብዛኛው የምትታወቀው በአጼ ፋሲል ግንብና በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናቷ ነው። ሆኖም ከከተማዋ አራዳ ተነስቶ በስተሰሜን ወደ ደባርቅ የሚያቀናው አውራ ጎዳና፣ የሰው እጅ ያልጠረባቸው፣ ተፈጥሮ በእሳት፣ በውኃና በበረዶ ወደቀረጸቻቸው ታላላቅ የአለት ቅርጾች ያደርሳል። በአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ከነገሥታት ግንብ ወደ ግጭ ገደል ጫፍ መድረስ የሚቻልበት ይህ መስመር፣ ከሀገሪቱ የተፈጥሮ መስህብ መስመሮች መካከል ቀዳሚ ስፍራ ከሚሰጣቸው አንዱ ነው።

በመስመሩ መጨረሻ የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1978 ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁለቱ ቅርሶች በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገቡት 12 ቅርሶች መካከል ናቸው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በዚሁ መዝገብ የሰፈረው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1979 ነው። በመሆኑም በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኙት ጎንደርና ደባርቅ እያንዳንዳቸው ለአንድ የዓለም ቅርስ መዳረሻ ናቸው።

የአለቶቹ አፈጣጠር

በሰሜን ተራሮች የሚታዩት ገደሎችና ሾጣጣ አለቶች በአብዛኛው ከባዛልት የተሠሩ ናቸው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል መሬት ተሰንጥቆ እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ቅልጥ አለት ወደ ገጸ ምድር ወጥቷል። ይህ ቅልጥ አለት እየደጋገመ በመፍሰሱና በመቀዝቀዙ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ሰፊ አምባ ሠርቷል። በሰሜን አካባቢ ደግሞ በዚሁ አምባ ላይ ጋሻ መሰል ቅርጽ ያለው ታላቅ እሳተ ገሞራ ተጨምሮበታል። ዛሬ ራስ ዳሽን፣ ቧሂትና ሌሎቹ ከፍተኛ ተራሮች የዚያ እሳተ ገሞራ ቅሪቶች ናቸው።

ተጓዡ ከገደል ጫፍ ቆሞ ወደ ማዶ ሲመለከት አለቱ እንደ ደረጃ ተደራርቦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ እርከን አንድ ጊዜ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ምልክት ነው። ጠንካራው ክፍል ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ሲቆም፣ በመካከሉ ያለው ለስላሳ ክፍል በዝናብ እየተሸረሸረ ሣርና ቁጥቋጦ የሚበቅልበት ጠባብ ወለል ይሆናል። ዋልያ ከጠላት ሸሽቶ የሚጠለለውና የሚሰማራው በእነዚሁ ጠባብ ወለሎች ላይ ነው።

ከእሳተ ገሞራው በኋላ ሥራውን የቀጠለው ውኃ ነው። የአካባቢው ወንዞች ወደ ተከዜ የሚፈሱ ሲሆን፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የአምባውን ሰሜናዊ ጠርዝ እየበሉ እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ገደል ፈጥረዋል። ከገደሉ ግርጌ ርቀው የቆሙት አምባዎችና ሾጣጣ አለቶች ቀድሞ ከዋናው አምባ ጋር አንድ የነበሩ፣ ወንዞች ዙሪያቸውን ቆርጠው የለዩዋቸው ናቸው።

ሦስተኛው ቀራጭ በረዶ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የሰሜን ከፍተኛ ተራሮች በበረዶ ግግር ተሸፍነው እንደነበር፣ ግግሩ እየገፋ ያከማቸው የድንጋይ ክምር ዛሬም ያስረዳል። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በዚህ ጉዳይና በአካባቢው የአፈር መሸርሸር ላይ ሰፊ ጥናት ካደረጉት መካከል ቀዳሚው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ዋርደን ሆነውም አገልግለዋል።

አሞራ ገደል

ከባህር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሚጓዝ ሰው ወደ ሰሜን ተራሮች ከመድረሱ በፊት አንድ ለየት ያለ የአለት ቅርጽ ያጋጥመዋል። በደቡብ ጎንደር ዞን በአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ፣ ከመንገዱ በግልጽ የሚታየውና በተለምዶ አሞራ ገደል የሚባለው ይህ አለት ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ጣት ብቻውን የቆመ ነው።

ይህን መሰል አለት የጥንት እሳተ ገሞራ ጉሮሮ መሆኑን የሥነ ምድር ሳይንስ ያስረዳል። ቅልጡ አለት ወደ ላይ በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ሳለ ቀዝቅዞ ይጠነክራል። በዙሪያው የነበረው የተራራ አካል ለስላሳ በመሆኑ በጊዜ ብዛት ታጥቦ ሲጠፋ፣ ጠንካራው መሐል ብቻውን ይቀራል። በትግራይ ክልል በአድዋ ዙሪያ የሚታዩት ሾጣጣ ተራሮች በተመሳሳይ ሁኔታ የተፈጠሩ ናቸው። በአልጄሪያ በረሃ የሚገኙት የሆጋር ተራሮችም በዚሁ ዓይነት አለቶች ይታወቃሉ።

ከአራዳ እስከ ደባርቅ

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከአራዳ የሚነሳው ተጓዥ ከከተማዋ እንደወጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው በሸክላ ሥራዋና በቀድሞ የቤተ እስራኤላውያን መንደርነቷ የምትታወቀውን ወለቃን ነው። መንገዱ ከዚያ በኋላ ዳገቱን እየወጣ ወደ ወገራ አምባ ይደርሳል።

ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኘው ኮሶዬ የመጀመሪያዋ የገደል መመልከቻ ናት። የደጋው መሬት በድንገት ተቆርጦ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርድ፣ በርካታ አምባዎችና ሸንተረሮች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። ጊዜ የሌለው ተጓዥ፣ ለምሳሌ ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ ወደ ጎንደር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በግማሽ ቀን ደርሶ ሊመለስባት የምትችል ስፍራ ነች። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በዚሁ አካባቢ ይታያሉ።

መንገዱ ከዚያ በኋላ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አቋርጦ ገብስና ስንዴ በሚመረትበት ሜዳ ላይ ይዘልቃል። ደባርቅ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋማ ከተማ ስትሆን፣ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ከተከፈለ ወዲህ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘውም በዚችው ከተማ ነው። ማንኛውም ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ የሚከፍለው፣ አስጎብኚና የጦር መሣሪያ የያዘ ስካውት የሚመደብለት እዚህ ነው። ምግብ አብሳዮች፣ ባለ በቅሎዎችና ጓዝ ጫኞች በማኅበር ተደራጅተው ተራ በተራ የሚሠሩ በመሆኑ፣ የአንድ ጎብኚ መምጣትና መቅረት ለበርካታ ቤተሰቦች የዕለት ገቢ ጉዳይ ነው።

ከደባርቅ እስከ ጭነቅ

ከደባርቅ በስተምሥራቅ የሚታጠፈው ኮረኮንች መንገድ በፓርኩ መግቢያ በቡይት ራስ በኩል ወደ ሳንቃ በር ይደርሳል። ሳንቃ በር 3 ሺህ 200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ የመጀመሪያው የማረፊያ ካምፕ ነው። መንገዱ በበርካታ ቦታዎች ከገደሉ ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ስለሚያልፍ፣ ተጓዡ ከመኪናው ወርዶ በአጭር የእግር ጉዞ ታላላቆቹን ገጽታዎች ማየት ይችላል።

ከእነዚህ መካከል ቀዳሚው የጅንባር ፏፏቴ ነው። የጅንባር ወንዝ ከአምባው ጠርዝ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። ፏፏቴው ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ በበጋው መጨረሻ ውኃው እጅጉን ይቀንሳል። በተቃራኒው የአለቱ ንብርብር በግልጽ የሚታየው ሰማዩ ጥርት በሚልበትና ውኃው በሚያንስበት ወቅት ነው።

ከመንገዱ ወጣ ብሎ በእግር ወይም በበቅሎ የሚደረስበት እመት ጎጎ 3 ሺህ 926 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ስፍራ በሦስት ጎኑ በገደል የተከበበ ቀጭን የአለት ምላስ ሲሆን፣ ከጫፉ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው የቆላውን አምባዎች በሙሉ ከእግሩ ሥር ያገኛቸዋል። በስተምሥራቅ የሚገኘው እናትዬ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በሁለቱም ስፍራዎች ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል በጓሳ ሣር መካከል ቆሞ ይታያል። ዝቅ ባለው ከፍታ ደግሞ ገደሉን የሚሸፍነው አስታ የተባለው ዛፍ ነው።

መኪና የሚደርስበት ቀጣዩ ካምፕ ጭነቅ ሲሆን፣ ከፍታው 3 ሺህ 600 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፍራ ዋልያን ከአለቱ ግድግዳ ላይ ማየት የተለመደ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ በዱር የሚገኘው በሰሜን ተራሮችና በአካባቢያቸው ብቻ ነው። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜን የዘለቀው ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል ነበር።

ቧሂትና ራስ ዳሽን

ከጭነቅ በኋላ መንገዱ የቧሂትን ትከሻ አቋርጦ ወደ ጃናሞራ ወረዳ ይወርዳል። መተላለፊያው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በሀገሪቱ መኪና ከሚያልፍባቸው ከፍተኛ ስፍራዎች አንዱ ነው። የቧሂት ጫፍ ራሱ ከ4 ሺህ 400 ሜትር በላይ ነው። በስተምሥራቅ፣ ከጥልቁ የማይ ሻሃ ወንዝ ሸለቆ ማዶ፣ የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ራስ ዳሽን ይታያል። ራስ ደጀን እየተባለም የሚጠራው ይህ ተራራ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ወደ ጫፉ ለመድረስ ሸለቆውን ወርዶ መውጣት ግድ ይላል።

የሊማሊሞ መንገድ

ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ሳይታጠፍ በስተሰሜን የሚቀጥለው አውራ ጎዳና በሊማሊሞ በኩል ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ገደል በእግርና በበቅሎ ወጥቶ ነው። ዛሬ ያለውን ጠመዝማዛ የመኪና መንገድ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የወረራ ዘመን በአለቱ ግድግዳ ላይ ቆርጠው ሠርተውታል። በመንገዱ አናት ላይ የነበረው የወልከፊት ምሽግ የጠላት ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ከያዛቸው የመጨረሻ ምሽጎች አንዱ ሲሆን፣ እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም ነበር። ጎንደር ነጻ የወጣችው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ በኅዳር ወር ነው።

ለአለት ተመልካች የሊማሊሞ ጠቀሜታ ገደሉን ከታች ወደ ላይ ማሳየቱ ነው። ከሳንቃ በርና ከእመት ጎጎ ሆኖ ቁልቁል የታየው ግድግዳ፣ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ አቅጣጫ ሲታይ ሙሉ ቁመቱ ይገለጣል። ከቆላው ሜዳ ተነስተው የቆሙት ሾጣጣ አለቶችም በቅርበት የሚታዩት ከዚሁ መስመር ነው። ጠመዝማዛዎቹ ጠባብ በመሆናቸውና በክረምት ድንጋይ ስለሚንሸራተት፣ ለከባድ ተሽከርካሪዎች አስቸጋሪ ከሆኑት የሀገሪቱ መንገዶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

መንገዱና ፓርኩ

ጎብኚውን እስከ ገደሉ ጫፍ የሚያደርሰው መንገድ ለፓርኩ ችግርም ምክንያት ሆኗል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ1996 የሰሜን ተራሮችን በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ በፓርኩ ውስጥ የሰፋሪዎች መጨመርና የመንገድ ሥራ ይገኙበታል። ከደባርቅ ተነስቶ በፓርኩ መሐል ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፈው መንገድ፣ ለጃናሞራና ለበየዳ ወረዳዎች ነዋሪዎች ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ዞን መሥሪያ ቤቶች የሚያደርስ ዋነኛ መስመር ነበር። የጭነት መኪናዎች ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሚውሉበት አምባ ላይ ሌሊትና ቀን ማለፋቸው ግን ለአራዊቱ ስጋት ሆነ።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው መንገዱን መዝጋት ሳይሆን ከፓርኩ ውጪ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ መሥራት ነበር። ከዚህም ጋር የፓርኩ ክልል ስልኪን፣ ቅዱስ ያሬድንና ራስ ዳሽንን እንዲያካትት በመደረጉ፣ ቀድሞ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ስፋት ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አድጓል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና በቀጣዩ ዓመት የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 575/2000 ለአስተዳደሩ ሕጋዊ መሠረት ሰጥተዋል። እነዚህና ሌሎች እርምጃዎች ተገምግመው ፓርኩ በ2009 ዓ.ም፣ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ከአደጋ መዝገብ ወጥቷል።

ለዚህ ውጤት ከፍተኛውን ዋጋ የከፈሉት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ናቸው። ስሟን ከገደሉ ጋር የምትጋራው መንደር በፓርኩ እምብርት የምትገኝ ነበረች። 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም መንደሯን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለዘመናት ገብስ ሲያርሱና ከብት ሲያረቡ ለኖሩ ሰዎች ካሣ ተቀብሎ በከተማ አዲስ ኑሮ መጀመር ከቤት መቀየር በላይ ነው። የሙያ ሥልጠና፣ የሥራ ቦታና የገበያ ትስስር በወቅቱ ካልተሟላ ገንዘቡ ማለቁ አይቀርም። የመንደሯ ታሪክ በየትኛውም ጥብቅ ስፍራ ሰፈራ የሚያቅዱ አስተዳደሮች ከመዝገብ አውጥተው ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

ከአደጋ መዝገብ መውጣት የችግር ማብቂያ አልሆነም። በ2011 ዓ.ም በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በፓርኩ የተነሳው ቃጠሎ ሰፊ የጓሳና የአስታ መሬት ያወደመ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች በቅጠልና በአፈር ታግለውታል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። ገደላማው አቀማመጥ እሳቱን በእግር ደርሶ ማጥፋትን እጅግ አዳጋች አድርጎት ነበር። ቀጥሎም የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚዎችን ፍሰት አቋረጠ። በ2013 ዓ.ም የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ እስከ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ደርሷል። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በመስመሩ የሚደረገውን ጉዞ እንደገና አዳክሞታል። ኑሯቸውን በአስጎብኚነት፣ በበቅሎ ኪራይና በማረፊያ ቤት ላይ የመሠረቱ ቤተሰቦች በእነዚህ ዓመታት የደረሰባቸው ጉዳት ከባድ ነው።

ለጉዞ የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች

ወደ ስፍራው ለመጓዝ የሚያቅድ ሰው ወይም ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ በመስመሩ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደርና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይኖርበታል። ለጉብኝት አመቺ የሆነው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ገደሉን ስለሚጋርዱ፣ መንገዱም ስለሚንሸራተት ጉዞ አይመከርም። በኅዳርና በታህሳስ ሌሊት በካምፖቹ ውርጭ ስለሚወርድ ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

በአንድ ቀን ከጎንደር ወደ ጭነቅ የሚወጣ ሰው 1 ሺህ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር የከፍታ ሕመም ምልክቶች በመሆናቸው፣ ምልክቱ የታየበት ሰው ወደ ላይ ከመቀጠል ይልቅ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ አለበት። በደባርቅ ወይም በሳንቃ በር አንድ ሌሊት ማደር ለሰውነት መላመድ ይረዳል። የልብ ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል።

ተሽከርካሪው ለኮረኮንችና ለዳገት የሚሆን፣ ፍሬኑና ጎማው የተፈተሸ ሊሆን ይገባል። ነዳጅ በጎንደር ወይም በደባርቅ መሙላት ያስፈልጋል፤ ከደባርቅ በኋላ ማደያ አይጠበቅም። የገደል ጠርዝ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ከስካውቱ ምክር ውጪ ወደ ጫፍ መጠጋት አደገኛ ነው። በአለት ላይ ስም መጻፍ፣ ድንጋይ ወደ ገደል መልቀቅና እሳት ማንደድ የተከለከሉ ናቸው። ከላይ የተለቀቀ ድንጋይ ከታች ባለው ወለል ላይ በሚሰማራ ዋልያ ወይም በቆላው መንገድ በሚያልፍ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

የአለት ቅርጾችን እንደ ቅርስ መጠበቅ በዓለም የተለመደ አሠራር ነው። ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ በ1906 የመጀመሪያ ብሔራዊ ሐውልት ብላ በሕግ የከለለችው በዋዮሚንግ ግዛት የሚገኘውን ዴቪልስ ታወር የተባለ ብቻውን የቆመ አለት ነበር። በሰሜን አየርላንድ የሚገኙት ጃይንትስ ኮዝዌይ የተባሉ የባዛልት አምዶች እ.ኤ.አ በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2015 የጂኦፓርክ ፕሮግራሙን ካጸደቀ በኋላ ደግሞ በአፍሪካ የሞሮኮው ምጉንና የታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ ሌንጋይ በዚህ መረብ ተካተዋል። የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ አለቱን ከአካባቢው ነዋሪ ኑሮና ባህል ጋር አያይዞ መጠበቅ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ከአራዳ እስከ ቧሂት ባለው መስመር የሚገኙት አለቶች ሁሉ እኩል ጥበቃ አላቸው ለማለት አይቻልም። በፓርኩ ክልል ያሉት በሕግ የተከለሉ ሲሆኑ፣ እንደ ኮሶዬና አሞራ ገደል ያሉት ግን ከፓርኩ ውጪ፣ በመንገድ ዳር የሚገኙ ናቸው። ድንጋይ ለግንባታና ለመንገድ ሥራ በስፋት በሚፈለግበት በዚህ ዘመን፣ የካባ ፈቃድ የሚሰጡ፣ የመንገድ መስመር የሚቀይሱና የቱሪዝም ዕቅድ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ተመካክረው መሥራታቸው ተገቢ ይሆናል። 30 ሚሊዮን ዓመት የፈጀን ቅርጽ ማፍረስ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ መልሶ ማቆም ግን የሚቻል አይደለም።